የተጎዳ አውሮፕላን እንዴት እንደገና ይታነጻል

በሞርሲቶና በሆሳዕና፣ በዱራሜና በሺንሽቾ፣ በአጠቃላይም በሀድያና በከምባታ ከተሞች አውሮፕላን እንግዳ ነገር መሆኑ ከቀረ ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ ልጁን፣ ወንድሙን ወይም የእኅቱን ልጅ ወደ ደቡብ አፍሪቃ ያልሸኘ ቤተሰብ ጥቂት በመሆኑ፣ ስለ ቲኬት ዋጋ፣ ስለ ሻንጣ ኪሎና ስለ ቦሌ የሌሊት በረራ ሽማግሌውም ወጣቱም እኩል ያወራል። ይሁን እንጂ ይህን ሁሉ ሕዝብ በረሃና ባሕር የሚያሻግረው ግዙፍ ገላ አንድ ቀን ቢቆስል፣ ቢቃጠል ወይም ከአገልግሎት ብዛት ቢሰነጠቅ ምን እንደሚደረግለት፣ በማን እጅና በምን ሥርዓት ተፈትቶ እንደገና እንደሚታነጽ የሚጠይቅ ሰው እምብዛም አይገኝም። ቢጠየቅም የሚሰጠው መልስ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት አንዱ ነው፤ አንዱ «ይጣላል» ይላል፣ ሌላው «ይበየዳል» ይላል። የአውሮፕላን ጠጋኞች ግን ሁለቱንም ሲሰሙ ፈገግ ይላሉ።

ለዚህ ነገር ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያሻም። ሐምሌ 5 ቀን 2005 ዓ.ም. ከቀትር በኋላ፣ በለንደን ሂዝሮው አውሮፕላን ማረፊያ፣ ሰው በውስጡ ሳይኖር ቆሞ የነበረ አንድ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 787 ከጀርባው፣ ቀጥ ብሎ ከቆመው ጅራት ፊት ለፊት፣ ጢስ ሲወጣበት ታየ። አውሮፕላኑ «ንግሥተ ሳባ» የሚል የክብር ስም የተሰጠው ሲሆን፣ የዓለም 787 አውሮፕላኖች ሁሉ በዋና ባትሪያቸው እንከን ምክንያት ከበረራ ታግደው ከቆዩ በኋላ፣ በሚያዝያ ወር 2005 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ ተነሥቶ መንገደኛ በማጓጓዝ ቀዳሚ የሆነው ይኸው አውሮፕላን ነበረ። የሂዝሮው ማኮብኮቢያዎች ለአንድ ሰዓት ተኩል ያህል ተዘጉ፤ የእሳት አደጋ ሠራተኞችም ወደ ውስጥ ገብተው የጣሪያውን መሸፈኛ ካላቀቁ በኋላ ነበልባሉን ከተሸሸገበት ስፍራ አግኝተው አጠፉት።

በነሐሴ 2007 ዓ.ም. የታተመው የእንግሊዝ የአየር አደጋ መርማሪዎች የመጨረሻ ዘገባ እንደ ገለጸው፣ ለዚህ ሁሉ ጥፋት መነሻ የሆነችው አውሮፕላን ሲወድቅ ያለበትን ስፍራ በራዲዮ የምታስታውቅ አንዲት ትንሽ መሣሪያ ናት። የመሣሪያይቱ ሁለት ሽቦዎች በባትሪው መክደኛ ሥር ተጨፍልቀው ስለ ነበር እርስ በርሳቸው ተገናኙ፤ የሊቲየም ባትሪው ጋለ፣ አንዱ ክፍል ሌላውን እያቀጣጠለ ሄደ፣ እሳቱም ወደ ጣሪያው ገላ ተዛመተ። ከበረራ ካሳገዱት ከእነዚያ ታላላቅ ባትሪዎች ጋር አንዳች ግንኙነት አልነበረውም። ይህ የእሳቱ ታሪክ በዓለም ጋዜጦች ሁሉ ተጽፏል፤ ከእሳቱ በኋላ የመጣው የጥገናው ታሪክ ግን፣ ምንም እንኳ ለአስተዋይ ሰው ከእሳቱ ይልቅ የሚያስደንቅ ቢሆን፣ እንደዚያ አልተወራለትም።

ነገሩ እንዲገባን አስቀድሞ የአውሮፕላንን ገላ አሠራር መመልከት ያስፈልጋል። የሀድያ ገበሬ ጎጆውን ሲሠራ በመሐል ምሰሶ ይተክላል፤ የጣሪያው ብዙ ሸክም ወደዚያ ምሰሶ ይወርዳል፣ ግድግዳውም አንድ ወገኑ ቢፈርስ ባለቤቱ ባላ አስደግፎ፣ ማገር ቀይሮ፣ ጭቃ መርጎ ያድራል። አውሮፕላን ግን ምሰሶ የለውም። ዙሪያውን የሚያቅፉ ቀለበቶችና ከአፍንጫ እስከ ጅራት የሚዘረጉ ቀጫጭን ማገሮች አሉት እንጂ፣ በእነርሱ ላይ በሪቬት ምስማር የተመታው ስስ የአሉሚኒየም ቆዳ ራሱ ግድግዳም ጣሪያም ተሸካሚም ነው፤ በቦይንግ 737 ላይ የዚህ ቆዳ ውፍረት በብዙው ስፍራ ከአንድ ሚሊ ሜትር እምብዛም አያልፍም። ስለዚህ ከዚያ ቆዳ አንድ ቁራጭ ማንሣት መስኮት እንደ መክፈት ያለ ቀላል ነገር አይደለም፤ በዚያ ቁራጭ ውስጥ ያልፍ የነበረው ኃይል ሌላ መንገድ እንዲፈልግ ማስገደድ ነው።

ኃይሉስ ከየት ይመጣል? አውሮፕላኑ ወደ 10,000 ሜትር ሲወጣ የውጩ አየር እጅግ ስለሚሳሳ፣ ሰው እንዲተነፍስ ሲባል በውስጡ አየር ይታመቃል። የ787 የመንገደኞች ክፍል በከፍተኛ በረራ ጊዜ እንኳ አየሩ ከባሕር ወለል በላይ በ1,800 ሜትር ላይ እንዳለው ያህል ሆኖ ይጠበቃል፤ የሆሳዕና ከፍታ ከ2,000 ሜትር በላይ ነውና፣ ከሆሳዕና ተነሥቶ የሚሄድ መንገደኛ በሰማይ ላይ የሚተነፍሰው አየር በደጁ ከለመደው ይልቅ ወፈር ያለ ነው ማለት ነው። ይህ ምቾት ዋጋ አለው። የታመቀው አየር በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ቆዳ ላይ ወደ ውጭ የሚገፋው ወደ 6 ቶን በሚጠጋ ኃይል ሲሆን፣ አውሮፕላኑ ባረፈ ጊዜ ይኸው ኃይል ይለቅቃል፣ በተነሣ ጊዜ ደግሞ ይመለሳል፤ እንዲህ እያለ በዕድሜው ዘመን በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ጊዜ ይደጋገማል።

ብረት የሚደክመው በዚህ መነፋትና መለቀቅ ነው። በ1946 ዓ.ም. ሁለት የእንግሊዝ ኮሜት አውሮፕላኖች በሜዲትራኒያን ላይ በሰማይ ተበታትነው በወደቁ ጊዜ፣ መሐንዲሶች አንድ ሙሉ አውሮፕላን በውሃ ገንዳ ውስጥ አስገብተው በውሃ ግፊት ደጋግመው እየነፉ ሞከሩትና የብረት ድካም ምን እንደሆነ ለዓለም ሁሉ ግልጽ አደረጉ። ዘግይቶም፣ ሚያዝያ 20 ቀን 1980 ዓ.ም.፣ በሐዋይ ደሴቶች መካከል ይበር የነበረ የአሎሃ አየር መንገድ ቦይንግ 737 በአየር ላይ ሳለ የፊተኛው ጣሪያው ተገንጥሎ ሄደ፤ 89,680 ጊዜ የበረረ አውሮፕላን ነበረና ከሪቬቶቹ ቀዳዳዎች አጠገብ የተወለዱ ጥቃቅን ስንጥቆች አንድ ላይ ተያይዘው ነበር። አንዲት አስተናጋጅ ሕይወቷ አለፈ፤ አብራሪዎቹ ግን ሰማይ የሚታይበትን አውሮፕላን ይዘው አረፉ። ከዚያ ወዲህ ያረጀ አውሮፕላንን ገልጦ መመርመር በሕግ የተደነገገ ግዴታ ሆነ።

እንግዲህ ወደ ሃንጋሩ እንግባ። አንድ አውሮፕላን ለከባድ ጥገና ሲገባ ወንበሩ፣ ምንጣፉ፣ ምግብ ማሞቂያ ክፍሉ፣ መጸዳጃ ቤቱ፣ የሻንጣ መደርደሪያውና ሙቀት የሚይዘው የግድግዳ ልባስ ሁሉ ተነቅሎ ቁጥር እየተሰጠው ይቀመጣል፤ መንገደኛው በበረራ ጊዜ ያያቸው ከነበሩት ነገሮች አንድም አይቀርም። በዚህ ጊዜ ሐቁ ይገለጣል። ዝገት አብዝቶ የሚገኘው ቡናና ሻይ በሚፈስበት በምግብ ክፍሉ ወለል ሥርና በመጸዳጃው አጠገብ ስለሆነ፣ መርማሪው መብራቱን ይዞ በቅድሚያ የሚንበረከከው በነዚህ ስፍራዎች ነው። በየጥቂት ዓመታቱ የሚደረገው የዚህ ዓይነቱ ታላቅ ምርመራ በአንድ አውሮፕላን ላይ በአሥር ሺሕ የሚቆጠር የሰው ሰዓት ይበላል።

ቁስሉ ከታወቀ በኋላ ደግሞ የመጀመሪያው ተግባር መቁረጥ አይደለም፤ መደገፍ ነው። አውሮፕላኑ በታላላቅ ክሪኮች ላይ ይነሣል፣ ከሥሩም በገላው ቅርጽ የተሠሩ ድጋፎች ይገባሉ፣ ቀጥታነቱም በመለኪያ መሣሪያ ይረጋገጣል፤ ምክንያቱም ገላው በራሱ ክብደት ጥቂት እንኳ ጎብጦ ሳለ አንድ ቁራጭ ቢነሣለትና አዲሱ ቁራጭ ቢገጠምለት፣ ያ ጉብጠት ለዘለዓለም ታስሮ ይቀራል። የቀለበቶቹ ርቀት፣ የበሮቹ ማዕዘን፣ የክንፎቹ አቀማመጥ ሁሉ ከመፈታቱ በፊት ተለክቶ ይጻፋል። የመፍታት ሥራ የጉልበት ሥራ የሚመስለው ሰው እዚህ ላይ ቢገኝ ሐሳቡን ይለውጥ ነበር፤ እኔ እስከማየው ድረስ ከሠራተኛው ትዕግሥትን የሚጠይቀው ከመግጠሙ ይልቅ መፍታቱ ነው።

አንዲት ሪቬት እንዴት እንደምትወጣ ብቻ እንመልከት። ሠራተኛው በራስዋ መሐል ነጥብ ይመታል፤ ከሪቬቷ ግንድ የማይሰፋ ፑንታ በትራፓኖው ላይ አድርጎ ራስዋን ብቻ፣ በራስዋ ውፍረት ልክ፣ ይበሳል፤ ከዚያ በላይ አንዲት ፀጉር እንኳ ወደ ውስጥ ቢዘልቅ የቆዳውን ቀዳዳ ያሰፋዋል። ራስዋ ለቅቃ ስትወድቅ፣ ከበስተኋላ አንድ ሰው ደጋፊ ብረት ይዞ ቆዳው እንዳይጎብጥ እየጠበቀ፣ ግንዷ በቀጭን መምቻ ተገፍታ ትወጣለች። ቀዳዳው ከተበላሸ አንድ ደረጃ ወፍራም ሪቬት ይፈልጋል፤ እርሱም ከተበላሸ ሌላ ደረጃ፤ ነገር ግን ቀዳዳ በሰፋ ቁጥር ከላሜራው ዳር ያለው ርቀት ይጠባልና፣ የሪቬቱ መሐል ከዳር ቢያንስ የውፍረቱን ሁለት እጥፍ መራቅ አለበት የሚለው ሥርዓት ይፈርሳል። በዚህ ምክንያት በአንዲት ሪቬት ላይ የተፈጸመ ጥድፊያ አንድ ሙሉ ማገር ሊያስጥል ይችላል። ከባድ ጥገና ባለበት ስፍራ ደግሞ እንዲህ ያሉት ሪቬቶች በሺሕ የሚቆጠሩ ናቸው።

ከተፈታ በኋላ የቀረው ገላ በጠቅላላ ይፈተሻል። ዓይን የማያየውን ስንጥቅ ለመፈለግ በብረቱ ላይ አነስተኛ የኤሌክትሪክ ዙረት በሚፈጥር መዳሰሻ ቀዳዳዎቹን አንድ በአንድ ይዳስሳሉ፤ ስንጥቅ ካለ ዙረቱ ይሰናከልና በመሣሪያው መስኮት ላይ ይታያል። ጥልቅ ያልሆነ ዝገት ተፍቆ ይለሰልሳል፤ የተፋቀው መጠን ከተፈቀደው ልክ ካለፈ ግን ቁራጩ መውጣት አለበት።

የመግጠሙ ሥራ ከዚህ ይጀምራል። አዲሱ ላሜራ ከቀድሞው ጋር በአንድ ዓይነት ቅይጥና በአንድ ዓይነት የሙቀት አያያዝ የተሠራ መሆን ይገባዋል፤ ለዚህም ነው የአውሮፕላን ቆዳ የማይበየደው፤ ጥንካሬውን ያገኘው በሙቀት ሕክምና ስለሆነ የብየዳ እሳት ያንን ጥንካሬ በአንድ ቅጽበት ያጠፋዋል። ላሜራው ተቆርጦ፣ ጠርዙ ተሞርዶ፣ ማዕዘኑ ሁሉ ክብ ተደርጎ (ሹል ማዕዘን የስንጥቅ እናት ነውና) ከስፍራው ላይ በጊዜያዊ መቆንጠጫ ይያዛል፤ በአሮጌዎቹ ቀዳዳዎች ልክ ይበሳል፤ ከዚያም እንደገና ተነሥቶ በመብሳት ጊዜ የወጣው ሽራፊ ሁሉ ይጠረጋል። ዝገት የሚከለክለው ቢጫ አረንጓዴ ቀለም ይቀባል፣ በሁለቱ ብረቶች መካከል ማሸጊያው ይገባል፣ ማሸጊያውም ሳይደርቅ ሪቬቶቹ ይመታሉ። ከአንዳንድ ጠንካራ ቅይጥ የሚሠሩት ሪቬቶች ሙቀት ከወሰዱ በኋላ ለስላሳ ሆነው እንዲቆዩ በማቀዝቀዣ ውስጥ ተቀምጠው፣ ከወጡ በኋላ በደቂቃዎች ውስጥ መመታት አለባቸው፤ ቢዘገዩ በራሳቸው ይጠነክራሉና ሲመቱ ይሰነጠቃሉ። አንዱ ከውጭ በአየር መዶሻ ሲመታ ሌላው ከውስጥ ደጋፊውን ብረት ይይዛል፤ ሁለቱ በግድግዳ ተለያይተው ስለማይተያዩ የሚግባቡት በኳኳታና በምልክት ነው። የተመታችው ሪቬት የጅራቷ ስፋት ከግንዷ ውፍረት አንድ ጊዜ ተኩል፣ ቁመቱም ግማሽ ያህል ሆኖ ካልተገኘ ትነቀላለች።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን አንድ ምሥጢር ማንሣት እወዳለሁ። ለተጎዳ ስፍራ ወፍራም ላሜራ ደርቦ ብዙ ሪቬት መምታት ጥንካሬን የሚጨምር ይመስላል፤ ዳሩ ግን ኃይል ሁልጊዜ ወደ ግትሩ ስፍራ ስለሚሳብ፣ ከልክ በላይ የወፈረው ልጥፍ ከዙሪያው ያለውን ሸክም ሁሉ ወደ ራሱ ይጠራና በዳሩ ባሉት ሪቬቶች ላይ ይደፋዋል፤ አሮጌው ቆዳም ከልጥፉ ጠርዝ ሥር መሰንጠቅ ይጀምራል። ስለዚህ የመሐንዲሱ ሐሳብ ገላውን ከቀድሞው ይልቅ ማጠንከር አይደለም፤ ኃይሉ ቀድሞ ያልፍበት በነበረው መንገድ፣ በቀድሞው መጠን፣ እንዲያልፍ ማድረግ ነው። አምራቹ ለእያንዳንዱ አውሮፕላን የሚያወጣው የጥገና መጽሐፍ የላሜራውን ውፍረት፣ የሪቬቱን ረድፍ ቁጥርና ርቀት ለይቶ የሚደነግገው በዚህ ምክንያት ነው፤ ጉዳቱ በመጽሐፉ ከተጻፈው ካለፈ ደግሞ ጠጋኙ በራሱ አእምሮ ምንም ሳይጨምር ለአምራቹ መሐንዲሶች ጽፎ መልስ መጠበቅ አለበት።

ይህ ሥርዓት የተጻፈው በደም ነው። ግንቦት 25 ቀን 1970 ዓ.ም. በኦሳካ ሲያርፍ ጅራቱ መሬት የመታው የጃፓን አየር መንገድ ቦይንግ 747፣ የታመቀውን አየር ከጅራቱ ክፍል የሚለየው የኋላ ጉልላቱ ተጎድቶ ነበርና የታችኛው ግማሽ በአምራቹ በራሱ ሠራተኞች ተተካ። በአዲሱና በአሮጌው ግማሽ መገናኛ ላይ አንድ ያልተቆረጠ ማያያዣ ላሜራ እንዲገባና ኃይሉ በሁለት ረድፍ ሪቬት እንዲያልፍ መሐንዲሶቹ አዝዘው ሳለ፣ ሠራተኞቹ ላሜራውን ሁለት አድርገው ቆርጠው አስገቡት፤ ስለዚህም ሦስት ረድፍ ሪቬት ለዓይን እየታየ ሸክሙን በእውነት የሚያስተላልፈው ግን አንዱ ረድፍ ብቻ ሆነ። ከላይ ማሸጊያ ተቀብቶበታልና የሚያየው አልነበረም። አውሮፕላኑ ከ12,000 ጊዜ በላይ ከበረረ በኋላ፣ ነሐሴ 6 ቀን 1977 ዓ.ም.፣ ያ መገናኛ ተተረተረ፤ የታመቀው አየር ቀጥ ያለውን ጅራት ገንጥሎ መሪውን የሚያንቀሳቅሰውን የዘይት ቧንቧ ሁሉ በጠሰው። ከ524 ሰዎች የተረፉት 4 ብቻ ናቸው።

ሁለተኛው ታሪክ ከዚህ ይልቅ ዝግ ያለ ነው። በ1972 ዓ.ም. በሆንግ ኮንግ ሲያርፍ ጅራቱን የፋቀው የቻይና አየር መንገድ (የታይዋኑ ማለቴ ነው) ቦይንግ 747 የተፋቀው ቆዳ ተቆርጦ መውጣት ሲገባው፣ ጭረቶቹ እንዳሉ ሆነው በላያቸው ደራቢ ላሜራ ተመታባቸው፤ ላሜራውም ጭረቶቹን ሁሉ በበቂ የሚሸፍን አልነበረም። ስንጥቁ ከልጥፉ ሥር ተሸሽጎ 22 ዓመት ሙሉ አደገ። ግንቦት 17 ቀን 1994 ዓ.ም. አውሮፕላኑ ከታይፔ ተነሥቶ ሲወጣ በሰማይ ተበታተነ፣ 225 ነፍስ ጠፋ። ከአደጋው በፊት በተደረገ ምርመራ የተነሡ ፎቶግራፎች በኋላ ሲታዩ፣ በልጥፉ ዙሪያ ቡናማ እድፍ ተገኘ፤ በቀድሞ ዘመን መንገደኞች በአውሮፕላን ውስጥ ሲጋራ ያጨሱ ነበርና፣ ያ እድፍ ከውስጥ ያፈተለከው አየር ይዞት የወጣው የትምባሆ ጢስ ነበረ። ስንጥቁ መኖሩን በጽሑፍ ያህል ሲናገር ኖሯል፣ አንባቢ ግን አላገኘም።

ስለ አሉሚኒየም ይህን ካልን ወደ ንግሥተ ሳባ እንመለስ፤ የእርስዋ ገላ ከዚህ ሁሉ የተለየ ነውና። የ787 ክብደት ግማሹ ያህል የተሠራው በሙጫ ከተያያዘ የካርቦን ክር ነው፤ ገላዋም በሪቬት የተያያዙ ብዙ ላሜራዎች ሳይሆን፣ ክሩ በታላቅ ቅርጽ ላይ ተጠቅልሎ በእቶን ውስጥ በግፊትና በሙቀት የበሰለ አንድ ወጥ በርሜል ከሌላው በርሜል ጋር እየተጋጠመ የሚሠራ ነው። ይህ ነገር አይዝግም፣ እንደ ብረትም አይደክምም፤ ነገር ግን እሳት ሲያገኘው ክሩን የያዘው ሙጫ ይቃጠላል፣ ድርቦቹም ይላቀቃሉ። ክፋቱ ደግሞ ከላይ ቀለሙ ደህና ሆኖ ከውስጥ የተላቀቀ ሊሆን መቻሉ ነው። ስለዚህ ጠጋኞቹ በድምፅ ሞገድ መሣሪያ ይመረምሩታል፤ ሌላው መንገድ ግን እጅግ ቀላል ነው፦ በሳንቲም ወይም በትንሽ መዶሻ ገላውን እየመቱ ማዳመጥ። ጤነኛው ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፣ የተላቀቀው የታፈነ። ከሚሊዮኖች ብር መሣሪያ አጠገብ ይህ የጆሮ ጥበብ እስከ ዛሬ ሥራውን አላቆመም።

የካርቦን ገላ የሚጠገነው በሁለት መንገድ ነው። ጉዳቱ ትንሽ ሲሆን የተጎዱት ድርቦች በተዳፋት መልክ ተፍቀው ይነሣሉና፣ በማቀዝቀዣ ውስጥ የቆየ ሙጫ የጠጣ አዲስ ጨርቅ በዚያው የክር አቅጣጫ ደረጃ በደረጃ ይነጠፋል፤ በላዩ የፕላስቲክ ከረጢት ታስሮ አየሩ ይመጠጣል፣ በኤሌክትሪክ ምንጣፍም ይበስላል። ጉዳቱ ትልቅ ሲሆን ግን የተቃጠለው ተቆርጦ ይወጣል፣ አስቀድሞ የበሰለ ቁራጭም በስፍራው ገብቶ በታይታኒየም ማያያዣ ይታሰራል፤ አሉሚኒየም ከካርቦን ጋር በተነካካ ጊዜ ፈጥኖ ስለሚዝግ ታይታኒየም ግድ ነው። ንግሥተ ሳባ በተቃጠለች ጊዜ ድሪምላይነር የሚባለው 787 አገልግሎት ከጀመረ ገና ሁለት ዓመት አልሞላውም ነበርና፣ «ካርቦን አውሮፕላን እንዲህ ከቆሰለ ይድናል ወይ?» የሚለው ጥያቄ የአየር መንገዶችን ሁሉ ልብ የያዘ ነበረ። የቦይንግ ባለሙያዎች እዚያው ለንደን ሄደው ጠገኑት፤ አውሮፕላኑም በታኅሣሥ 2006 ዓ.ም. ወደ አዲስ አበባ በሮ ወደ ሥራው ተመለሰ። ለጥያቄው የተሰጠው መልስ በአንድ ኢትዮጵያዊ አውሮፕላን ጀርባ ላይ ተጻፈ ቢባል ማጋነን አይደለም።

አገራችን ከዚህ ሙያ ጋር የተዋወቀችው ግን በካርቦን ዘመን አይደለም። ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ወደ አዲስ አበባ በሮ የገባው የመጀመሪያው አውሮፕላን፣ ፈረንሳይ ሠራሹ ፖቴ 25፣ በሸራ የተለበሰ ነበር፤ የዚያ ዘመን ጠጋኝ ከመዶሻው ይልቅ መርፌና ክሩን ይፈልግ ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ጀርመናዊው ሉድቪግ ቬበር በዚሁ በአገራችን የሠራት «ፀሐይ» በጣሊያን ወረራ ተማርካ ተወሰደችና፣ በጣሊያን አየር ኃይል ሙዚየም ብዙ ዘመን ቆይታ በጥር 2016 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ተመለሰች። የኢትዮጵያ አየር መንገድም ታኅሣሥ 12 ቀን 1938 ዓ.ም. ተመሥርቶ፣ መጋቢት 30 ቀን በዚያው ዓመት ወደ ካይሮ መብረር ሲጀምር የያዛቸው ከዓለም ጦርነት የተረፉ ሲ-47 አውሮፕላኖች ነበሩ፤ በሣር ሜዳና በድንጋያማ ማረፊያ ላይ የሚሠሩ ስለ ነበሩ ቆዳና ማገር መለወጥ የዘወትር ሥራ ነበር።

ዛሬ በቦሌ ያለው የጥገና ክፍል በአፍሪቃ ከታላላቆቹ አንዱ ሲሆን የሌሎች አገሮችን አየር መንገዶች አውሮፕላኖችም ይፈታል፣ ይገጥማል። በአውሮፓ አቆጣጠር በ2021 ደግሞ አየር መንገዱ ከእስራኤሉ የአየር ኢንዱስትሪ ጋር ተስማምቶ የመንገደኛ ቦይንግ 767 አውሮፕላኖችን በአዲስ አበባ ወደ ዕቃ ጫኝነት ለመለወጥ ውል ገባ። ይህ ሥራ ማንም ሳይጎዳው፣ ጤነኛን ገላ ሆን ብሎ መቁረጥ ነው፦ በግራ ጎኑ ከ3 ሜትር በላይ ስፋት ያለው የዕቃ በር ይከፈታል፣ በተቆረጠው ቆዳ ውስጥ ያልፍ የነበረው ኃይል በበሩ ዙሪያ በሚገባ ጠንካራ መቃን እንዲዞር ይደረጋል፣ የወለሉ ተሸካሚዎች ለዕቃ ክብደት ይጠናከራሉ፣ መስኮቶቹም ይደፈናሉ። እስከዚያ ድረስ ሰው የተሳፈረበት ገላ ከዚያ በኋላ አበባና ሥጋ ይጭናል።

ጥገናውም ሆነ ለውጡ ሲያልቅ አውሮፕላኑ ከክሪኩ ይወርዳል፤ የመንገደኞቹ ክፍል በአየር ተነፍቶ ሳሙና ውሃ በየመገጣጠሚያው ይቀባና አረፋ የሚያወጣ ስፍራ ይፈለጋል፤ ከዚያም አውሮፕላኑ ይመዘናል፣ ጥቂት ኪሎ የጨመረ ልጥፍ እንኳ የክብደቱን ማዕከል ያዛውረዋልና። በመጨረሻም እያንዳንዱን ሥራ የሠራው አንዱ፣ የመረመረው ሌላው፣ በየስማቸው ይፈርማሉ፤ የጥገናው ሥዕል፣ የላሜራው የትውልድ ቁጥርና ከስንት በረራ በኋላ እንደገና ተገልጦ እንደሚመረመር የሚያዝዘው ወረቀት በአውሮፕላኑ መዝገብ ውስጥ ይገባል። አውሮፕላኑ ለሌላ አገር ቢሸጥ ያ መዝገብ አብሮ ይሸጣል፤ መዝገቡ የጎደለ እንደሆነም ገዢው ዋጋውን ይቀንሳል፣ አለዚያም ልጥፉን አስነሥቶ ከሥሩ ያለውን ቆዳ ካላየሁ አልፈርምም ይላል።